ማስተር ቦሏ አልቃለች፤ ሬይኳዛን በምን ልያዘው?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ — ሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ።

ፖኬሞን ኢመራልድን (ፖኬሞን የሚባሉ ፍጥረታትን በቦል እየያዙ የሚያዋጉበትን ጌም) የምጫወተው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጌሙ ያለው እኔ ስልክ ላይ ነው፣ በኢሙሌተር (የድሮ ጌም በሚያጫውት አፕ)። ቀን ሥራ ላይ ነኝ። ማታ የታክሲ ሰልፍ ጨርሼ ኮንዶሚኒየማችን ስደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። እሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ "ስንት ፐርሰንት አለው?" ይለኛል። የስልኩን ባትሪ ማለቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሊሊኮቭ ከተማ ያለውን የቲም አኳ (የጌሙ ወንበዴዎች) መደበቂያ ጨረስን። ማንኛውንም ፖኬሞን ሳትስት የምትይዘው ማስተር ቦል ያለችው እዚያ ነው። በአቅራቢያዋ ዕቃ የሚመስሉ ሁለት ቦሎች አሉ፤ ሲነኳቸው ኤሌክትሮድ ሆነው ይነሳሉ። ሁለቱንም ነካናቸው። እውነተኛዋን ስናገኝ ወንድሜ አልጋው ላይ ዘለለ። "ይቺ ለሬይኳዛ ናት" ብለን ተስማማን፤ ለመያዝ በጣም የሚከብደው ዘንዶ ነው።

አርብ ማታ እኔ እራት ስበላ ስልኩን ይዞ ነበር። ባሕር ላይ ዊንገል መጣችበት። ሌላው ቦል ሁሉ አልቋል። እንግሊዝኛውን ገና አጥርቶ አያነብም። ቦርሳው ውስጥ የቀረችውን ወረወረ። ያዛት፣ ሴቭ አደረገ፣ ሊያሳየኝ እየሮጠ መጣ። ክፉ ቃል አልተናገርኩትም። ግን ፊቴ ላይ አየው። ምን እንደሆነ ሲገባው እንዴት እንዳለቀሰ አልነግራችሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን አልነካም። ደረጃው ላይ መጠበቁንም ትቷል።

ቅዳሜና እሁድ ታሪኩን ብቻዬን ገፋሁ። የሱቶፖሊሱ ጠብ አልቆ ሬይኳዛ ወደ ስካይ ፒላር ተመልሷል። ትናንት አንዴ ሞከርኩ። የማዋጋት ፖኬሞኔ ስዋምፐርት ሌቭል 52 ናት። በአይስ ቢም መታሁት፣ ከግማሽ በላይ ወረደ። ደገምኩት፣ ሞተ። ሴቭ አድርጌ ስለነበር ዳግም ከፈትኩት።

መያዝ እፈልጋለሁ። ከወንድሜ ጋር፣ በተራ ቦል። ሴቭ ስቴት (ኢሙሌተሩ ጌሙን በፈለጉት ቅጽበት የሚያስቀምጥበትን) ግን አልጠቀምም። እሱ ራሱ "እሱ ማጭበርበር ነው" ብሎ የከለከለኝ ነገር ነው። በጌሙ ውስጥ ያለውን ሴቭ ብቻ ነው የምንጠቀመው። ማን ይረዳኛል?


ጣፎ ትሬነር — ሰኞ፣ ማታ 3:42

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለትንሹ ልጅ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እኔም በልጅነቴ ማስተር ቦሌን የማይሆን ቦታ ላይ ጥያታለሁ። ሕመሙን አውቀዋለሁ።

አይስ ቢም ተው። ሬይኳዛ ድራጎንም ፍላይንግም ነው። በረዶ ለሁለቱም ጠላት ስለሆነ አራት እጥፍ ይመታዋል። በምትኩ በሰርፍ ምታው። ድራጎን ስለሆነ የውሃ ምት ግማሹ ነው የሚደርሰው። ቀስ እያለ ይወርድልሃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እያንዳንዱ ፖኬሞን ለመያዝ የሚቀለውን ያህል ቁጥር አለው። ትልቁ 255 ነው። በኢመራልድ የሬይኳዛ 3 ነው። ሙሉ ጤና እያለው አልትራ ቦል ብትወረውር ከ100 ውርወራ አንድ እንኳ አይሞላም። ደሙ ሊያልቅ ደርሶ፣ ፓራላይዝ (ሽባ) ሆኖ፣ አልትራ ቦል ከሆነ ወደ 3.5 በመቶ ይደርሳል። ትንሽ ነው፣ ግን ከዜሮ በጣም ይርቃል። አልትራ ቦል 1,200 ነው፤ ገንዘብህን አስብ።


ሰበታ ላይ ያለሁት — ሰኞ፣ ማታ 4:05

ቦሉ ሲነቃነቅ የታችና የቢ ቁልፎችን አብረህ ተጭነህ ያዝ። እኔ ግራውዶንን የያዝኩት እንደዚህ ነው። ሴቭ ስቴት ደግሞ ምን ችግር አለው? መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ሰፈር ሁለት ሰዓት የለፋህበት ሲጠፋ ማን ይክስሃል? እኔ ያለ ሴቭ ስቴት አልጫወትም፣ አላፍርበትምም።


ጣፎ ትሬነር — ሰኞ፣ ማታ 4:11

ሰበታ፣ የመብራቱ ነገር እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ታችና ቢ ግን ምንም አይለውጥም። ቦሉ ሲነካው ጌሙ የሚያሰላው በአራት ነገር ነው፦ የያዘው ጤና፣ የመያዣ ቁጥሩ፣ የቦሉ ዓይነት፣ የተኛ ወይም ፓራላይዝ የሆነ እንደሆነ። ጣትህ የት እንዳለ አይጠይቅም። ይህን ስል ግን እኔም እስከ ዛሬ ቢን እጫናለሁ። እጅ ለምዶታል።


ኢመራልድ ወዳጅ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30

ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብሳሳት ይቅርታ።

አልትራ ቦልን ተወው። ረስትቦሮ ሂድና ታይመር ቦል ግዛ። 1,000 ነው፣ ይረክሳል። ውጊያው በረዘመ ቁጥር ይጠነክራል። 30 ተራ ካለፈ በኋላ አራት እጥፍ ይሆናል፤ አልትራ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ፓራላይዝ ሆኖ ደሙ 1 ከቀረ ታይመር ቦል ወደ 7 በመቶ ያደርስሃል። አሥር አሥር አድርገህ ግዛ፤ በአንዴ 10 ፖኬ ቦል ስትገዛ የምትመረቀው ፕሪሚየር ቦል ግን ለታይመር አይሰጥም።

ደሙን ሳትገድል ለማውረድ ፎልስ ስዋይፕ ያስፈልግሃል። የቱንም ያህል ቢመታ 1 ያስቀራል። በሆኤን (የጌሙ ምድር) ይህን የሚማር ኒንካዳ የሚባል ፖኬሞን ነው። ሩት 116 በሚባለው መንገድ ላይ ሳሩ ውስጥ ታገኘዋለህ። ሌቭል 20 ላይ ወደ ኒንጃስክ ልለወጥ ይላል፤ ቢ ተጭነህ ከልክለው። ሌቭል 25 ላይ ፎልስ ስዋይፕን ይማራል። ከዚያ ልቀቀው፣ ይለወጥ። ኒንጃስክ ሆኖ ከተለወጠ በኋላ ሙቩን (ምቱን) በራሱ አይማረውም፤ ስለዚህ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሌላ፦ ሬይኳዛ ያሉት ሙቮች ፍላይ፣ ሬስት፣ ኤክስትሪም ስፒድና አውትሬጅ ናቸው። ሬስት ሲጠቀም ደሙ ይሞላል፣ ያንተ ፓራላይዝም ይጠፋል። አትደንግጥ። ተኝቷል ማለት ነው። ያኔ መልሰህ ምታው። አራቱ ሙቮች ተደምረው 45 ፒፒ (የመጠቀሚያ ብዛት) ብቻ ነው ያላቸው። ያ ካለቀ ስትራግል ይጀምርና በራሱ ምት ይሞታል። ስለዚህ ከ30ኛው ተራ በኋላ ነው የአንተ ሰዓት፤ ግን ዘላለም የለህም።


አስተዳዳሪ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:00

ጥሩ ክር ነው። የጌም ፋይል ሊንክ እዚህ አትለጥፉ። አንዱን አሁን አንስቻለሁ።


የሁለት ልጆች እናት — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:20

እኔ የምጫወት ሰው አይደለሁም። ልጆቼ እዚህ የሚያነቡትን ለማየት ነው የገባሁት። ነገር ግን የዚህ ልጅ ነገር ልቤን ነካኝ።

ልጄ፣ ሬይኳዛን ብትይዝለት ደስ ይለዋል። እሱ ግን የሚያስበው ዊንገሏን ይመስለኛል። "አጠፋሁ" ብሎ የሚያስታውሰው እሷን ነው። እሷን ሳጥን ውስጥ ከከተትካት ጥፋቱ እንደተቀመጠ ይቀራል። እሷን የምትጠቅም አድርግለት። እንዴት እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ።


ጣፎ ትሬነር — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:51

እማዬ፣ በጣም ትክክል ነዎት። እንዴት እንዳላሰብኩት ገረመኝ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፣ ስማኝ። ዊንገል ሌቭል 25 ላይ ፔሊፐር ይሆናል። ፔሊፐር ሰርፍም ፍላይም መማር ይችላል። ወደ ስካይ ፒላር የሚኬደው በባሕር ነው፣ በሩት 131። ወደ ሬይኳዛ ጀርባዋ ላይ ይዛችሁ የምትሄደው ያቺው ወፍ ትሁን። ሌላም አለ። ስትለወጥ ፕሮቴክት (ምት የሚከላከል ሙቭ) ትማራለች። ታይመር ቦል እስኪጠነክር ተራ መግፋት አለባችሁ አይደል? ፕሮቴክት እያደረገች ተራውን ትገፋላችኋለች። በተከታታይ ከሆነ ግን ይከሽፋል፣ አንዱን እየዘለላችሁ።


የቱሉ ዲምቱ ልጅ — ረቡዕ፣ ማታ 5:25

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ብዙ ነገር ሆነ።

ትናንት ማታ ቤት ስገባ ወንድሜ ቴሌቪዥን እያየ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ "ዊንገልህ ስንት ሌቭል ናት?" አልኩት። ዝም አለ። "ሬይኳዛ ጋ መሄጃ አጣሁ፤ በባሕር የሚያሻግረኝ የለም፤ ያቺ ወፍ ብታድግ ትወስደናለች" አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። ውሸት መሆን አለመሆኑን እያጣራ ነበር። ስልኩን ሰጠሁት። "24 ናት" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

አንድ ሌቭል ነበር የቀራት። ስትለወጥ ሳቀ።

ኒንካዳውን ዛሬ ይዘን ኤክስፕ ሼር (ሳይዋጋ ሌቭል የሚያሳድግ ዕቃ) አሸከምነው። ቢ የመጫኑን ሥራ ለእሱ ሰጠሁት። ከ20 እስከ 25 በየሌቭሉ ልለወጥ እያለ ይጠይቃል። ወንድሜ በሁለት እጁ ነበር የሚጫነው። "አልፈቅድልህም፣ ገና ነህ" እያለ ያናግረዋል። 25 ላይ ፎልስ ስዋይፕ ሲመጣ ሁለታችንም ጮኸን፤ እናታችን ከኩሽና መጥታ አየችን።

ከዚያ ስካይ ፒላር ሄድን። ወለሉ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ማክ ባይክ ያስፈልጋል። ሞቪል ተመልሰን ብስክሌቱን ቀየርን። ከላይ ስንደርስ ሴቭ አደረግንና ጀመርን። ሌላው ፖኬሞናችን ማኔክትሪክ በተንደር ዌቭ ፓራላይዝ አደረገው። በሰርፍ አወረድነው፣ በፎልስ ስዋይፕ ጨረስነው። ደሙ 1 ቀረ። 19ኛው ተራ ላይ ነበርን። ከዚያ አውትሬጅ ጀመረ። ሦስት ተራ ደበደበን፤ ሲጨርስ ራሱ ኮንፊዩዝ ሆነ (ግራ ተጋባ)። በሚቀጥለው ተራ ራሱን መታና ሞተ።

ወንድሜ አላለቀሰም። "የእኛ ጥፋት አይደለም" አለኝ። እውነት የእኛ ጥፋት አይደለም? ወይስ የሳትነው ነገር አለ?


ኢመራልድ ወዳጅ — ረቡዕ፣ ማታ 5:48

የእኔ ጥፋት ነው። አውትሬጅ እንዳለው ነግሬህ ከአውትሬጅ በኋላ ኮንፊዩዝ እንደሚሆን ሳልነግርህ ቀረሁ። ያን ልጅ ይቅርታ ጠይቅልኝ።


ጣፎ ትሬነር — ሐሙስ፣ ጠዋት 2:15

ሌሊቱን በወረቀት ሠራሁት። ደስ የሚል ነገር ወጣ።

ሌቭል 70 ሬይኳዛ ወደ 240 ደም አለው። ኮንፊዩዝ ሆኖ ራሱን ሲመታ 40 አካባቢ ይቀንስበታል። ስለዚህ 1 ላይ ማድረስ አደገኛ ነው። 60 ላይ ብትተወውስ? ብዙ የሚጠፋብህ መስሎህ ነበር አይደል? አይደለም። ቀመሩ የሚያየው ከሙሉው ስንት እንደጎደለ ነው፤ የመጨረሻዋ 60 ደም ብዙ አትጨምርም። 1 ላይ በታይመር ቦልና በፓራላይዝ 7 በመቶ ከሆነ፣ 60 ላይ ወደ 6 በመቶ ነው። ለዚያች አንድ ፐርሰንት ብለህ ሁሉን አታጣ።

6 በመቶ ትንሽ ይመስላል። 12 ጊዜ ከወረወርክ ግን ግማሽ በግማሽ ዕድል አለህ። መስመሩ ቢጫ ሆኖ ሩብ አካባቢ ሲደርስ እጅህን ሰብስብ። አውትሬጅ አድርጎ ራሱን አንዴ ቢመታ እንኳ ይተርፋል።


ሰበታ ላይ ያለሁት — ሐሙስ፣ ጠዋት 2:40

ይህን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን። እኔ ለዓመታት 1 ላይ ካላደረስኩ አልወረውርም ነበር።


ኮዬ ፈጬ 7ኛ ፎቅ — ሐሙስ፣ ከሰዓት 8:05

ዳር ሆኜ እየተከታተልኩ ነው። ሊሊኮቭ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በየቀኑ የሚወጣ ሎተሪ አለ፤ አምስቱም ቁጥር ከፖኬሞንህ መለያ ቁጥር ጋር ከገጠመ ሽልማቱ ማስተር ቦል ነው። ዕድሉ ጠባብ ነው። ብቻ ወንድምህ "ሌላ የለችም" ብሎ እንዳያስብ ንገረው።


የቱሉ ዲምቱ ልጅ — ቅዳሜ፣ ሌሊት 6:10

የቡሄ ዋዜማ ነው። ግቢያችን ውስጥ የችቦው ጭስ ገና አልጠፋም። ልጽፍላችሁ ብዬ ነው ያልተኛሁት።

ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ሆያ ሆዬ ሊል ወጥቶ ነበር። ከብሎክ ብሎክ ሲዞሩ ድምፃቸው ይሰማኛል። ሁለት ሰዓት ላይ ሙልሙሉን አቅፎ ተመለሰ። "እነሱ አልጨረሱም፣ እኔ ግን ሬይኳዛ አለብኝ ብያቸው መጣሁ" አለኝ። ቁጭ እንዳልን መብራት ሄደ። ስልኩ 38 ፐርሰንት ነበር። ብርሃኑን ቀነስኩት፣ ዳታውን አጠፋሁት። ፓወር ባንኩ ባዶ ነው።

20 ታይመር ቦል ነበረን። ፔሊፐር በባሕር አሻገረችን። ላይ ስንደርስ ሴቭ አደረገ፤ እኔ አልነካሁም። ዛሬ ሁሉንም ነገር እሱ ነው የተጫወተው። እኔ ሻማ ይዤ ተራ እቆጥራለሁ፣ በወረቀት ላይ በጭረት።

ፓራላይዝ አደረገው። በሰርፍ አወረደው። መስመሩ ቢጫ ሲሆን በፎልስ ስዋይፕ ጥቂት ነካክቶ ተወው። 14ኛው ተራ ላይ ሬስት አደረገና ሁሉ ከዜሮ ጀመረ። ወንድሜ "ተኝቷል፣ አትደንግጥ" አለኝ። ይህን ያነበብኩለት እኔ ነበርኩ። መልሶ አወረደው፣ መልሶ ፓራላይዝ አደረገው። ኒንጃስክ አራት ጊዜ ወደቀ፤ በሪቫይቭ አነሳነው። ከዚያ ፔሊፐር ገባች። ፕሮቴክት፣ አንድ ተራ ፖሽን፣ ፕሮቴክት። 22፣ 23፣ 24። አንድ ጊዜ ፕሮቴክቱ ከሽፎ ወደቀች። ያኔ ብቻ ነው ፊቱ የተለወጠው። አነሳትና መልሶ አስገባት። "እሷ ትጨርስ" አለ።

30ኛውን ጭረት ስጭር ባትሪው 17 ነበር። መወርወር ጀመረ። የመጀመሪያው ወዲያው ተሰበረ። ሁለተኛው አንዴ ነቀነቀ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። አምስተኛው ላይ አውትሬጅ ጀመረ፣ ስዋምፐርት ወደቀች። ኮንፊዩዝ ሆነ። ትንፋሼን ያዝኩ። ራሱን መታ። መስመሩ ቀይ ሆነ፣ ግን ቆመ። ጣፎ፣ ያ ወረቀትህ እዚያች ደቂቃ ላይ ነው ያተረፈን።

ዘጠነኛው ቦል ላይ ባትሪው 11 ነበር። ወንድሜ ከመወርወሩ በፊት ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ምን እንዳለ አልነገረኝም። ወረወረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ያቺ ጠቅ የምትል ድምፅ።

አልጮኸም። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጦ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ሁለታችንም እንደዚያ ቆየን። ውጭ ልጆቹ አሁንም ይዘፍናሉ፤ የሆነ ሰው ጅራፍ ያጮሃል።

ስም ስጡት ሲል ፊደሉ ላቲን ብቻ ነው፣ ከአሥር ፊደል አይበልጥም። ምን ልበለው ብሎ ትንሽ አሰበ። ውጭ ጅራፉ እንደገና ጮኸ። "ጅራፍ" አለ። አንድ በአንድ ፊደሉን እያሳየሁት ጻፈው። ረጅምና ቀጭን አይደል፣ ይመስላልም። ሴቭ አደረገ። 9 ፐርሰንት።

አሁን ተኝቷል። ፓርቲያችን ውስጥ የመጀመሪያዋ ፔሊፐር ናት። ሬይኳዛን ሁለተኛ ነው ያደረገው።


የሁለት ልጆች እናት — እሁድ፣ ጠዋት 1:15

ልጆቼን ቀስቅሼ አነበብኩላቸው። እንኳን አደረሳችሁ። ወንድምህን ሳምልኝ።


ኢመራልድ ወዳጅ — እሁድ፣ ጠዋት 2:02

ዘጠነኛው ቦል! እኔ በታይመር 26 ፈጅቶብኛል። ልጁ እጁ የተባረከ ነው። ጅራፍ የሚለው ስም ደግሞ እኔ ከሰማኋቸው ሁሉ ይበልጣል።


ሰበታ ላይ ያለሁት — እሁድ፣ ጠዋት 3:30

ዛሬ አዲስ ኢመራልድ ጀመርኩ። ያለ ሴቭ ስቴት። ወንድምህ ይወቅልኝ።


የቱሉ ዲምቱ ልጅ — እሁድ፣ ከሰዓት 10:40

ነገርኩት። ኮራ። ጥያቄ አለኝ ብሏል፣ እሱ እየነገረኝ ነው የምጽፈው፦ "ኢሊት ፎርን (የመጨረሻዎቹን አራት ኃያላን ተጋጣሚዎች) ስንጨርስ ላቲዮስ የሚባል ፖኬሞን ይመጣል ይባላል። እሱስ እንዴት ነው የሚያዘው?"


ጣፎ ትሬነር — እሁድ፣ ከሰዓት 11:05

ለጋሼ ትንሹ፦ ኢሊት ፎርን ስትጨርስ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ዜና ያወራል። እናትህ ቀለሙ ምን ነበር ብላ ትጠይቅሃለች። ሰማያዊ ካልክ ላቲዮስ፣ ቀይ ካልክ ላቲያስ ነው የሚመጣው። ሌቭል 40 ነው፤ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ መላ ሆኤንን ይዞራል፣ ሲያይህም ይሸሻል። እሱን በአንድ ማታ አንጨርሰውም። አዲስ ክር ክፈቱ፣ ሁላችንም እንመጣለን።